ያልተጻፈ ምት

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ የሚኖር አንድ ወጣት፣ ድራም መምታትን ሙያዬ ላድርግ ብሎ ቢነሣ፣ «ይህ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም» የሚለው ሰው እንደማይታጣ እንገምታለን፤ ያውም አፍራን ቀሎን የመሰለ የሙዚቃ ጓድና ዓሊ ቢራን ባፈራች ከተማ! በመልካ ጀብዱ ሥራ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ፋብሪካ ያመረተውን ዕቃ ቆጥሮ ያሳያል። ምቱን አስቀድሞ ሳይጽፍ እዚያው በመድረክ ላይ የሚፈጥር የጃዝና የሮክ ድራም መቺ ግን ምን ቆጥሮ ያሳያል? እንዲህ ላለ አላፊ ሥራ ዕድሜን መስጠት ተገቢ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ የቶኒ ዊልያምስ ሕይወት ያግዘናል። ይህ ሰው በ1945 እ.ኤ.አ. በሺካጎ ተወልዶ በቦስተን አደገ፤ በዚያም ከመምህሩ ከአለን ዶውሰን ተማረ። በ1963 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ማይልስ ዴቪስ ጓድ ገባ። በ1969 ደግሞ ጃዝን ከሮክ ጋር ያዋሐደውን «ላይፍታይም» የተባለውን የራሱን ጓድ አቋቋመ፤ ስሙ «የሕይወት ዘመን» ማለት ነው። በ1997 በ51 ዓመቱ ሞተ።

ይህ ልጅ በድንገት የሚፈጥር ቢሆንም፣ ድንገተኛ ሰው አልነበረም። የነማክስ ሮችንና የነአርት ብሌኪን አመታት አንድ በአንድ አጥንቶ ነበር። ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን ዓመታት ደክሞ ይማራል፤ ሊዘርፍ በቆመ ጊዜ ግን የትናንቱን ቢደግም ማን ቅኔ ብሎ ይቀበለዋል? ያልተጻፈ ሁሉ ያልተዘጋጀ አይደለም፤ ዝግጅቱ በወረቀቱ ፋንታ በሰውዬው ውስጥ ተቀምጧል እንጂ።

ከዚህ የሚከብደው ግን ማዳመጥ ነው። የፋብሪካ መሣሪያ ምቱን አይስትም፤ ነገር ግን አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ቢደክም አይሰማውም። ድራም መቺው ጊታሩ ሲያመነታ ይጠብቃል፣ ኦርጋኑ ሲነሣ ቦታ ይለቅለታል። ተሳስቶ የመታውንም ሊፍቀው አይችልም፤ ቀጥሎ በሚመታው ማቅናት አለበት፤ ለዚህም ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። እንግዲህ ነፃነት የምንለው የልብን ማድረግ ብቻ ከሆነ፣ ከዚህ ሰው ነፃነት እጅግ የቀለለ ነገር ነው። የመልካ ጀብዱው ወጣት ይህን ሸክም አውቆ ከፈቀደው፣ ሥራ ፈት ልንለው አንደፍርም፤ እንጀራው ግን በቶሎ እንደማይገኝ ልንሸሽገው አይገባም።

ቶኒ ዊልያምስ በጓዱ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ የመታው ምት ዛሬም ይሰማል። ይሁን እንጂ ያ ሸክላ የያዘው በ1969 ስቱዲዮ ውስጥ የተመታውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ ዜማ በየመድረኩ በሌላ በሌላ አመታት ተጫውቶታል፤ ያንን የሰሙት በየአዳራሹ የተገኙት ናቸው።