የሥልጣን ምንጭ፦ ደረስጌና ሮማ

ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ደረስጌ ላይ ድል ያደረጉት የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ነው። የካቲት 5 ቀን ደግሞ ካሳ እዚያው በደረስጌ ማርያም በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ ያሠሩትም ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነበር። ከዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሥልጣንን የሚሰጠው ጦር ከሆነ ቅብዐ መንግሥቱ ለምን አስፈለገ? የሚሰጠው ቅብዐ መንግሥቱ ከሆነስ፣ በማን ራስ ላይ እንደሚፈስ ለምን በጦር ሜዳ ተወሰነ?

ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. ወዲህ ጎንደር ላይ ንጉሥ አልጠፋም፤ የጠፋው የንጉሥ ኃይል ነው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ከዙፋን ወርደዋል። የየጁ ራሶች አገሩን ሲያዙ፣ ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ሲገዙ፣ ዙፋኑን አፍርሶ በራሱ ስም የነገሠ አልነበረም። ኃይል ነበራቸው፤ ተገቢነት ግን ከሰሎሞን ዘርና ከጳጳሱ እጅ ይመጣ ነበር። ሥልጣን በብዙ መኳንንት መካከል ተከፋፍሎ ሳለ የደባትና የደባርቅ ገበሬ ከዚያ መከፋፈል ያተረፈው ነፃነት የለም። ያለ ሕግ የተከፋፈለ ሥልጣን ለገበሬው የጌታ ብዛት ነው።

ሮማውያን በ509 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ ሥልጣንን የከፈሉት በሌላ መንገድ ነው። በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎች ይመረጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ማገድ ይችላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም ይወርዳሉ። በጭንቅ ጊዜ የሚሾመው አምባገነን እንኳ ከስድስት ወር በላይ እንዲቆይ አይፈቀድለትም ነበር። ከ494 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ተራው ሕዝብ ትሪቡን የሚባሉ ጠባቂዎች ነበሩት። ትሪቡን የሹማምንትን ውሳኔ ያግዳል፤ በአካሉ ላይ እጅ ማንሣትም ነውር ብቻ ሳይሆን ርኩሰት ነበር። ሴኔቱ ሕግ አያወጣም፤ የቀድሞ ሹማምንት ስለሚቀመጡበት ግን ምክሩ ይከበር ነበር። ይህ ሁሉ እኩልነት አይደለም፦ ድምፅ አሰጣጡ ለባለጸጋ ያደላ ነበር፤ ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም፤ ባሪያዎች ከዜግነት ውጭ ነበሩ።

ሮማውያን ሃይማኖትን ከመንግሥት አላወጡም። ቆንስል ጉባኤ ከመጥራቱ በፊት የአማልክትን ፈቃድ በወፎች ይጠይቅ ነበር። ከደረስጌ የሚለያቸው ቅድስናው የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ በሮማ በመንበሩ ላይ፣ በደረስጌ በሰውየው ላይ። በመንበር ላይ ያረፈ ቅድስና ሹሙ ሲወርድ እዚያው ይቀራል፤ በሰው ላይ ያረፈ ግን ሰውየው እስኪሞት ወይም እስኪሸነፍ ድረስ አብሮት ይኖራል።

የሮማ ሕግ ወደ ጎንደር መድረሱም አልቀረም። ሆኖም በፍትሐ ነገሥት ውስጥ የገባው የቁስጥንጥንያ ቄሣሮች ሕግ ነው፤ የግብፁ ክርስቲያን ኢብን አል አሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ አጠናቀረው፤ ኋላም ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የንጉሥን ግዴታ ያስተምራል፤ ቆንስልንና ትሪቡንን ግን አያውቅም። ንጉሡ ግዴታውን ቢተው የሚያግደው ሹም በመጽሐፉ የለም።

ሮማም ጥበቧን ጠብቃ አልዘለቀችም። በ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ትሪቡኑ ጢባርዮስ ግራኩስ በሴኔት ሰዎች ተገደለ፤ ያ ሊነካ የማይገባ አካል ከተነካ በኋላ ጦሩ ቀስ በቀስ ከሕጉ ይልቅ የአዛዡ ሆነ። በ27 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አውግስጦስ ቆንስሉንም ሴኔቱንም በስማቸው አቆይቶ ኃይሉን ለራሱ ያዘ፤ የየጁ ራሶችም የጎንደሩን ንጉሥ በስሙ ማቆየታቸው ይህንኑ ይመስላል።

ቴዎድሮስ ጦሩንና ቅብዐ መንግሥቱን በአንድ እጅ ሲያገናኙ የመሳፍንቱ ዘመን አበቃ። ውቤ በእስር ሞቱ። በቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ ከንጉሡ ጋር የተጣሉት አቡነ ሰላማም በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው አረፉ፤ የቀባው እጃቸው የቀባውን ንጉሥ ሊያግድ የሚችልበት ሥርዓት አልነበረም።