አካሉ ስለ ተጎዳ ልጅና ስለ ትዕግሥት

አንድ ሰው እግሩ የተቆለመመ ልጅ ተወልዶለት «ይህ የአላህ ውሳኔ ነው፤ እኔም ታግሻለሁ» እያለ ልጁን በጓዳ ቢደብቀው፥ ይህ ሰው ታጋሽ ነውን? ቃሉ የታጋሽ ቃል ነው፤ ሥራው ግን አይደለም። ነጋዴ ጨርቁ ዝናብ ሲመታው «ቀደር ነው» ብሎ ቆሞ አይመለከትም፤ ሸራ ፈልጎ ይሸፍናል እንጂ። ስለ ጨርቁ የሮጠ ሰው ስለ ልጁ እግር እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው በምን ምክንያት ነው? ነቢያችንም (ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ሕክምናን እንድንሻ አዘውናል።

እግረ ቆልማማነት የእናት ኃጢአት ቅጣት አይደለም፤ ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ያህል ይዞት ይወለዳል። ስፔን የተወለደው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አገር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕክምና ብዙ ቢላዋ አይሻም። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሙ እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ እያቃና በጀሶ ያስረዋል፤ በየሳምንቱም ፈትቶ እንደገና ያስረዋል፤ ይህም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ብጣት ይቆርጠዋል። ከዚያም በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይደረጉለታል፤ ሦስት ወር ሌሊትና ቀን፥ በኋላም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመቱ በእንቅልፉ ጊዜ። ጫማው ቶሎ ከተተወ እግሩ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ አያትየዋ «ፍቱለት፥ አታሠቃዩት» ትላለች፤ እናት ግን ታስራለች። ትዕግሥት የምንለው ይህች እናት በየሌሊቱ የምታደርገውን ነው።

ሕክምና የማያቃናው አካልም አለ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን የመካው ሊቅ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፥ እጃቸው የሰለለ፥ እግራቸውም የሚያነክስ ነበሩ፤ በመጨረሻም ሁለተኛው ዓይናቸው ጠፋ። ነገር ግን በኡመያዎች ዘመን፥ በሐጅ ወራት፥ ከእርሳቸው በቀር ማንም ፈትዋ እንዳይሰጥ ይታወጅ ነበር ይባላል። በልጅነታቸው በጓዳ ተደብቀው ቢቀሩ ኖሮ መካ ማንን በጠየቀች?

እናንተ ነጋዴዎች በጁምዓ ቀን በመስጊድ በር ለተቀመጠው ሽባ ሳንቲም ትሰጣላችሁ፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ያ ሰው በሰባት ዓመቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አግኝቶ ቢሆን ምናልባት ዛሬ ከዚያ ባልተቀመጠ ነበር። ልጁን የሚመልሰው ሁልጊዜ የመምህሩ ክፋት አይደለም፤ በደጃፉ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ናቸው። ደረጃውን ተዳፋት ለማድረግ ግንበኛ ስንት እንደሚጠይቅ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።