ውሃውን ከመክሰስሽ በፊት

ልጄ፣ አያትሽ የልጆቻቸውን ስም ማቀያየር፣ የገበያውን መንገድ መሳት ከጀመሩ ወዲህ «የምንጠጣው ውሃ ይሆን?» እያልሽ መጨነቅሽን ሰማሁ።

ጥርጣሬሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በእንግሊዝ አገር ካምልፎርድ አካባቢ፣ ድፍርስ ውሃ ማጥሪያ የሆነው አሉሚኒየም ሰልፌት 20 ቶን ያህል በስህተት ከተጣራው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በየቤቱ ቧንቧ ወረደ። በ2000 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አረጋውያንን ለ8 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በላይ አሉሚኒየም ያለበት ውሃ በሚጠጡት ላይ የመርሳት በሽታ በርክቶ አገኙ። ሌሎች ጥናቶች ግን ይህን አላጸኑትም፤ ክርክሩ አልተቋጨም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ምንጩን ስንከስ ሐኪም ቤት መሄዱ ይቀራል። የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሽንት ኢንፌክሽን እንኳ አረጋዊን ያደናግራል። እነዚህ ይታከማሉ! «ጃጅተዋል» ተብለው ጥግ ከተቀመጡት ስንቱ መድኃኒት ነበረው? ይህ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወደ ማጀት ግቢ። የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ልንከላከላቸው የምንችላቸውን 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች ዘርዝሯል፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከምና የአየር ብክለት አሉበት፣ የመጠጥ ውሃ የለበትም። አያትሽ ቆጮ ሲጋግሩ፣ ቡና ሲቆሉ የኖሩት በእንጨት ጭስ ውስጥ ነው። የጭስ መውጫ አሠሪላቸው። ግፊታቸውን አስለኪ። ጠርተሻቸው ዝም ካሉም ረሱ አትበይ፤ ጆሯቸው ይታይ።

ውሃውንስ ቢሆን በሚታወቅ ጥፋቱ ፍሪው። በስምጥ ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ ጥርስ ያበልዛል፣ እየበዛ ሲሄድም አጥንት ያጎብጣል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ከአሮጌ ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ከውዳቂ ብረት ቀልጦ ከተሠራ ድስትም ይወጣል። የቡና እሸት በሚታጠብበት ወቅት ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ካለ ወንዝ አትቅጂ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድንም እርሳስንም አያስወግድም፤ ስለዚህ የከተማውን ውሃ አገልግሎት የሁለቱን መጠን ጠይቂ። መልሱ እስኪመጣ ግን አያትሽን አታቆዪያቸው፤ በዚህ ሳምንት ዲላ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።