የናፈቅነው ዝናቡን ነውን?



ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር የሚወደውን ወቅት ይናፍቃል። ይህ ናፍቆት መልካም ነገር ነውን? ወይስ ሰውን ካለበት ቦታ የሚያርቅ የሐሳብ ስደት ነው? ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄደን የተመለስን ሦስት የመቐለ ልጆች በዚህ ጥያቄ ላይ ያሰብነውን እናካፍላችኋለን።

ከወቅቶች ሁሉ አብልጠን የምንወደው የክረምቱን መጨረሻ ነው። በእኛ አገር ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደርቆ የከረመው የእንደርታ ሜዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለመልማል። በየመንገዱ ዳር በለስ ይሸጣል። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ቀን ልጃገረዶች አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። መስከረም ሲገባ ደግሞ የመስቀል ደመራ በጮምዓ ይበራል።

የተማርነው በህንድ አገር በፑኔ ከተማ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ደስ አለን፤ የዚያ አገር ዝናብም እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባልና። ኮረብታው ለመለመ፤ ደመናውም የምናውቀው ደመና ነበር። ነገር ግን ነሐሴ ሲጋመስ መስኮት ዳር ቆመን ተከዝን። ዝናቡ ካለ፣ የጎደለው ምን ነበር?

መልሱ በመከራ መጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የመቐለ ስልክ ጨርሶ ጠፋ። የ2013ም የ2014ም ነሐሴ የቤታችንን ድምፅ ሳንሰማ አለፈ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን አሸንዳንም በለስንም ያነሣ አልነበረም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በሕይወት አሉ ወይ?» ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር ስልኩ ተመለሰ። የአንዳችን እናት ስለ ራሳቸው አንዳች ሳይናገሩ አስቀድመው «ልጄ፣ እህል ትበላለህ ወይ?» አሉ። የናፈቅነው ዝናቡን እንዳልነበረ ያን ዕለት ገባን።

ተመልሰን ስንመጣ ለእኒሁ እናት «እማማ፣ ክረምቱ እንዴት ናፍቆን ነበር!» አልናቸው። ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ገጠር ነው ያደግሁት፤ ክረምት ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው» አሉን። እኛ እንደ ጣፋጭ የናፈቅነው በለስ ለካ አዲሱ እህል እስኪደርስ የብዙ ድሃ ቤት ምሳ ነው! የእኛ ናፍቆት የራሳችንን ደስታ መርጦ ይዞ፣ የእናቶቻችንን ጭንቀት ትቶት ነበር።

ሌላም ጥፋት አለብን። በፑኔ ዝናብ በሚበረታበት ቀን የጎረቤት ልጆች ትኩስ ሻይ ይዘው በራችንን ያንኳኩ ነበር። እኛ ግን አገራችንን እያሰብን ብዙ ጊዜ ዝም አልናቸው። ዛሬ መቐለ ላይ ዝናብ ሲጥል ያ ሻይ ይናፍቀናል። በእጃችን ሳለ ያላከበርነውን፣ ካለፈ በኋላ እናለቅስለታለን ማለት ነው።

እንግዲህ ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። በባቢሎን የተማረኩት ጽዮንን አስበው እንዳለቀሱ በመዝሙር 136 እናነባለን። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ለእነዚያው ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ አትክልት እንዲተክሉ፣ ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላምም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ሁለቱ አይጣሉም። የራስን ደስታ ብቻ የሚያስታውስ ናፍቆት የሆድ ትዝታ ነው፤ ስለ ባልንጀራው የሚጠይቅ ናፍቆት ግን ፍቅር ነው።

ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች፣ በመጪው ነሐሴ በለስ ስንገዛ የሻጩን ልጅ የቤቱን ኑሮ እንጠይቀው። ከቀዬው ተፈናቅሎ በመካከላችን የተቀመጠ ሰው ካለም፣ የእርሱን አገር ክረምት እንዲያወራን አጠገቡ እንቀመጥ። እርሱም በገዛ አገሩ ሆኖ የሚናፍቀው ክረምት አለውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።