የተሰረዘውን ገጽ ማን ይክፈተው?

አንድ ሰው የጻፈውን ራሱ ካጠፋው በኋላ ሌላው ፈልጎ ቢያወጣበት፣ ያደረገው እውነትን ማጋለጥ ነው ወይስ ገመና መግለጥ? ጥያቄው ድሮም ነበረ። ግን ድሮ ደብዳቤ ይቀደዳል፣ ያነበቡትም ይረሳሉ። ዛሬ የማይረሳ መሣሪያ አለ፤ ዌይባክ ማሽን ይሉታል።

መሣሪያው የኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ይህን ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ብሩስተር ኬል የተባለ አሜሪካዊ በ1996 መሠረተው፤ ዌይባክ ማሽን ደግሞ በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቀድሞ የአምልኮ ቤት የነበረ ሕንፃ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ እንኳ አልተነሡም። የተቋሙ ፕሮግራሞች በድረ ገጾች መካከል እየተዘዋወሩ ያገኙትን ይቀዳሉ። በ2025 የተቀዱት ገጾች አንድ ትሪሊዮን ደርሰዋል።

የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ስትጽፉ የቀን መቁጠሪያ ይመጣላችኋል። ቅጂ ያለባቸው ቀኖች ምልክት አላቸው። አንዱን ስትነኩ ገጹ በዚያ ቀን እንደነበረው ይከፈታል። በአድራሻው ውስጥ 14 አኃዞች ይታያሉ፤ ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሮ እስከ ሰከንዱ ድረስ ገጹ መቼ እንደተቀዳ ይናገራሉ። እነዚህን አኃዞች ልብ በሉልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

በጁላይ 17 ቀን 2014 ኤምኤች17 የተባለው የማሌዥያ አየር መንገድ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። የተሳፈሩት 298 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በዚያው ቀን በአካባቢው ይዋጉ ከነበሩት ታጣቂዎች አዛዦች የአንዱን የኢጎር ጊርኪንን ወሬ በሚያሰራጭ የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ፣ አንድ ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን መትተን ጣልን የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የወደቀው የመንገደኞች አውሮፕላን መሆኑ ሲታወቅ ጽሑፉ ጠፋ። ዌይባክ ማሽን ግን ቀድሞ ቀድቶታል። ያን ገጽ የከፈተ ሰው ገመና ገለጠ የሚል አለ?

በዚያው ዓመት በሜይ ወር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የማሪዮ ኮስቴሃን ጉዳይ ወሰነ። ኮስቴሃ ስፔናዊ ነው። በ1998 ላ ቫንጓርዲያ የተባለው ጋዜጣ፣ በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት ንብረቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። አሥር ዓመት አልፎ፣ ጉዳዩም አብቅቶ፣ ስሙን ጉግል ላይ የሚፈልግ ሁሉ ያንኑ ሐራጅ ያገኛል። ፍርድ ቤቱ ጋዜጣው ገጹን ያጥፋ አላለም፤ በስሙ ለሚፈልግ ሰው ጉግል ያንን እንዳያቀርብ ነው የወሰነው። (እንዲረሳለት የከሰሰው ዕዳ በክሱ ምክንያት በዓለም ሁሉ መታወቁ ያሳዝናልም፣ ያስቃልም።)

ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ለሕዝብ የወጡ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁለቱም እውነት በአንድ ቀን የተጻፉ ናቸው። እኔ የማየው ልዩነት አንድ ነው። በመጀመሪያው ገና መልስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች። በሁለተኛው መልስ የሚጠብቅ ማንም የለም፤ ያለው የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ሰው አሮጌ ገጽ ልትከፍቱ ስትሉ፣ ልታገቡት ያሰባችሁት ሰውም ይሁን ለኃላፊነት የታጨ ጓደኛ፣ ይህ ጽሑፍ ዛሬም መልስ ያለበት ለማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም ዌይባክ ማሽን በአጋጣሚ የሚገባበት ቤት አይደለም። አድራሻውን ይዞ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

የሰረዘ ሁሉ ተለውጧል ማለቴም አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአንድን ብሔር ሰዎች የሰደበ ልጅ ጽሑፉን ድምፁን አጥፍቶ ቢሰርዘው፣ የተሰደቡት ሰዎች ስድቡን አብረው አልሰረዙትም። ያንን የሚያስታውሰው ሰው አልበደለውም። ይህ ከሆነ ግን ለብቻው ይጠይቀው እንጂ ለምን ቴሌግራም ላይ ይበትነዋል?

አሁን ወደ አኃዞቹ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ አንዱ ገጹን ይከፍትና ስክሪንሹት ያነሣል፤ ላዩን ቆርጦ፣ ከነቀኑ ቆርጦ፣ «እንዲህ ይላል» ብሎ ይልከዋል። «እንዲህ ብሎ ነበር» አይልም። ከቃሉ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ ሆኖም ውሸት ተነግሯል። መዝገቡ ያለ ሐፍረት የያዘውን ቀን ሰውየው ጣለው። በእኔ ዓይን ከመክፈቱ ይልቅ ይህ መቁረጥ ይከፋል።

ጽሑፍ ከዘመኑ ሲነጠል ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ በ1990ዎቹ የተሠራ የአማርኛ ድረ ገጽ ይክፈት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት ሠሪዎቹ የየራሳቸውን ፎንት ይጠቀሙ ነበር። ያ ፎንት ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ የሚታያችሁ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ገጹ ሳይጎድል ተቀምጧል፤ የሚነበብበት ነገር ግን የለም።

ሌላም አለ። የሚቀዳው ፕሮግራም በየቀኑ አይመጣም። ሰኞ የተጻፈውን ስድብ ቀድቶ ሐሙስ የተጻፈውን ይቅርታ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ተመልሶ የሚመጣው ምናልባት ገጹ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ቅጂ ካገኛችሁ በመቁጠሪያው ላይ ከእርሱ በኋላ ያሉትን ቀኖችም ንኩ፤ ቀጣዩን ወር፣ ቀጣዩን ዓመት። ባዶ ከሆኑ፣ በእነዚያ ወራት የሆነውን የሚያውቀው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ስልኩም ሳይኖራችሁ አይቀርም።