እውነተኛ ቁጥር ሰውን ይበድላል?

ማንም ሐሰት ሳይናገር ሰው ሊበደል ይችላል? እኔ አዎን እላለሁ፤ ምስክሮቼም በአሜሪካ የሚያድጉት የፊሊፒንስ ስደተኞች ልጆች ናቸው።

እነዚህ ልጆች በብዙ የጤና ጥናቶች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቆጠሩት «እስያውያን» በሚል አንድ ስም ሥር ነው። ቻይናዊው፣ ሕንዳዊው፣ ጃፓናዊው ሁሉ ይደመርና አማካይ ይወጣል። አማካዩም ያማረ ነው፦ ቀጭን፣ ጤነኛ፣ በትምህርቱ ጎበዝ ልጅ። ስሌቱ እንከን የለውም። ለብቻቸው ሲታዩ ግን የፊሊፒኖ ልጆች ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከብዙዎቹ እስያውያን እኩዮቻቸው ይልቅ ይበዛል፤ በወጣቶቹ ዘንድም የድብርቱ ነገር ቀላል አይደለም። አማካዩ «ደኅና ናቸው» ካለ ማን ይፈልጋቸዋል?

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የእነማን ልጆች መሆናቸው ነው። ፊሊፒንስ በተለይ ከ1965ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በኋላ ለዚያች አገር ሆስፒታሎች ነርሶችን በብዛት ስትልክ ኖራለች። ከአሜሪካ ነርሶች መካከል ፊሊፒኖዎቹ 4 በመቶ ገደማ ናቸው። በ2020 አንድ የነርሶች ማኅበር በኮቪድ የሞቱ ባልደረቦቹን ሲቆጥር ግን አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት እነርሱ ሆነው ተገኙ። የሰውን በሽተኛ ሌሊቱን ሲያስታምሙ የሚያድሩ ሰዎች ልጆች ናቸው እንግዲህ ከመዝገብ የጠፉት።

«ታዲያ ወላጆቹ ለምን አይናገሩም?» ትሉ ይሆናል። ፊሊፒኖዎች «ሂያ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ እኛ ይሉኝታና ኀፍረት ከምንለው ጋር ይቀራረባል። የልጅ ጭንቀት የቤት ገመና ነው፤ ለሐኪም ቶሎ አይነገርም። ይህን ባህል እያመሰገንሁ አይደለም። ሆኖም ዝም ያለውን ቀርቦ መጠየቅ ያለበት ቆጣሪው ይመስለኛል፤ ቅጹም ሥልጣኑም በእጁ ነውና።

መጠየቅ ደግሞ ይቻላል። በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ባወጣው አዲስ መመሪያ፣ ከ«እስያዊ» ሥር ፊሊፒኖ ለብቻው እንዲመዘገብ ተደንግጓል። ከ«ጥቁር» ሥር ከተዘረዘሩት መካከልም ኢትዮጵያዊ የሚል አለ። እስካሁን የእኛም ሰዎች ልጆች የተቆጠሩት በሌላ ሰው አማካይ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ልጆች የሚያሳድግ ዘመድ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ ክሊኒክ ውስጥ ቅጽ ሲሰጠው ምን ብሎ እንደሚሞላ ጠይቁት።