እንግዳው ያየው፣ ባለቤቱ የሚያውቀው

እንግዳ ሰው በደረሰበት አገር ባህል ላይ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል ይታመናል? ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የእውነት ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት እንግዳ ላየው ነገር የታመነ ምስክር ነው፤ የነገሩን ትርጉም ግን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሊፈርድበት አይገባም።

የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ኢትዮጵያ ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ያየው ነገር አስደነገጠው። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ይካናል፤ ከሚደቁኑት መካከል በሰው እቅፍ የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ለእሱ ይህ ክህነትን ማቃለል ነው። እዚያው ላይ ቢያቆም ኖሮ የተረፈን የነቀፌታ መዝገብ ብቻ በሆነ ነበር፤ እሱ ግን ጳጳሱን ጠየቀ። አቡኑም ልጆቹ አድገው እንደሚማሩ፣ እሳቸው ግን እንዳረጁና ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ መለሱለት። ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበርና አንዱ ሲያርፍ ሌላው እስኪተካ አገሪቱ ዓመታት ትጠብቅ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ገና እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ቸልተኝነት የመሰለው ነገር ቤተ ክርስቲያን ያለ አገልጋይ እንዳትቀር የተደረገ ጥንቃቄ ኖሯል።

በሊዝበን የሆነው ሌላ ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ አባ ጸጋ ዘአብ በ1527 እዚያ ሲደርሱ የአገሩ ሊቃውንት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ መረመሯቸው፤ ከቁርባንም ከለከሏቸው። መርማሪዎቹ መልሱን ቀድመው ወስነው ነበርና የተናገሩት አልተሰማላቸውም። የእምነት መግለጫቸው በ1540 ታትሞ ሲወጣም በፖርቱጋል እንዳይሰራጭ ታገደ። ኋላ ግን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረት ኑባውያን ፊታቸውን እንደሚበጡት ያለ የአገር ልማድ መሆኑን አስረድተዋል። ሊቃውንቱ በሊዝበን የነበሩትን እንግዳቸውን ከልብ ቢሰሙ ልማድና እምነት የሚለዩበትን መስመር ቀደም ብለው ባገኙት ነበር።

«ባለቤቱማ ለሁሉም ምክንያት አያጣም፤ ታዲያ ክፉ ልማድን ማን ይንቀፍ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው። ባለቤቱ የለመደውን አያይምና የእንግዳ ዓይን ያስፈልገናል። ነገር ግን መስማት መስማማት አይደለም። የአቡነ ማርቆስን መልስ የሰማ ሰው ለሕፃን ክህነት መስጠት ስሕተት ነው ማለት አሁንም ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ነቀፌታው የሕፃናቱን ወላጆችና ሽማግሌውን ጳጳስ አልፎ አገርን ያለ ጳጳስ ወደሚያስቀረው ሥርዓት ይደርሳል። ያልጠየቀ ሰው ነቀፌታ እዚያ ሊደርስ አይችልም።

ዛሬ እንግዳ ሆናችሁ በዋሽንግተንም በዱባይም ያላችሁ አንባቢዎች፣ «እዚህ አገር ሰው ፍቅር የለውም» ብላችሁ ወደ ቤተሰብ ከመደወላችሁ በፊት፣ ጎረቤታችሁ ሐዘኑን እንዴት እንደሚወጣ፣ የታመመ ዘመዱንም እንዴት እንደሚያስታምም እባካችሁ ጠይቁት።